ድምፅ የምትበላው ጣሳ

ሄኖክ የተገደለው በገዛ ጊታሩ ተቀጥቅጦ ነው። ጊታሩ አንገቱ ላይ ለሁለት ተሰብሮ በክሮቹ ብቻ ተንጠልጥሏል። የሰውየው ራስ ቅል በስተቀኝ በኩል ገብቷል፤ ያም አልበቃ ብሎ ቢጫ እጀታ ያለው ካቻቢቴ ከጆሮው በታች እስከ እጀታው ተሰክቶበታል። ደሙ በኖራ በተለሰነው ግድግዳ ላይ እስከ ጣሪያው ተረጭቶ፣ ወለሉ ላይ ወርዶ፣ ምንጣፉን አርሶ፣ የበሩ ደፍ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ረግቷል።

ኢንስፔክተር ናፊያ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ካየች በኋላ በእጇ የያዘችውን የለውዝ ከረጢት ቀስ ብላ ኪሷ ከተተች። በወንጀል ምርመራ አስራ ስድስት ዓመት ያገለገለች፣ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ግን ረጅም የሆነች ሴት ናት። ሰው የምትመረምረው ለውዝ እየፈለፈለች ነው። ይህ ልማዷ አለቆቿን ያበሳጫል፣ ተጠርጣሪን ደግሞ ያዘናጋል። ሬሳ ፊት ግን አትበላም።

«ኢናሊላህ» አለች። «ይህን ያደረገ ሰው ሊገድለው ብቻ አልነበረም የፈለገው። ንዴቱ እስኪወጣለት ነው የቀጠቀጠው።»

«ገዳዩ እኮ ተይዟል» አላት ረዳቷ ሳጅን ወንድወሰን። «እጁ ደም በደም ሆኖ ከዚህ ክፍል ሲወጣ ነው የተያዘው። ካቻቢቴውም የራሱ ነው። ጀይላን ይባላል፣ ሬዲዮ ጠጋኙ።»

«እንግዲያው እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«አዛዡ ነገ አራት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቅረብ ብለዋል። ፋይሉን እንዲዘጉልን ነው።»

«መጀመሪያ ልክፈተው እንጂ» አለችና ደሙን እየዘለለች ገባች።

ክፍሏ ሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ፣ ከከተማው ግንብ ውስጥ፣ የአንድ አሮጌ ግቢ የኋላ ቤት ናት። ጀርባዋ ከጎረቤት ቤት ጋር አንድ የድንጋይ ግድግዳ ይጋራል። በሩ አጠገብ ሳንዱቅ የሚያክል የጊታር ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር ቆሟል፤ ቀይ መብራቱ አሁንም በርቷል። አናቱ ላይ ደግሞ ናፊያ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ነገር ተቀምጧል። የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ጎኑ በምስማር ተበሳስቷል። ፊቱ ላይ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ የተነቀለ፣ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ያለው ጥቁር ማዞሪያ ተገጥሞለታል። ከጣሳው የወጡት ሽቦዎች በአምፑ ጀርባ ገብተው በብየዳ ተይዘዋል።

«መጀመሪያ ሳየው ቦምብ መስሎኝ ነበር» አለ ወንድወሰን።

ናፊያ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ማዞሪያውን ተመለከተች። አራት ቁጥር ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ የደረቀ ደም አለ፤ የሁለት ጣት ያህል ሰፊ፣ በአንድ አቅጣጫ የተጎተተ። ጊታሩ ላይ ያለው ደም ተረጭቶ ነው፤ ይሄኛው ግን በእጅ የመጣ ነው።

«ይህን ፎቶ አንሳው፤ ከዚያ ማንም እንዳይነካው» አለች።

የግቢው ባለቤት ወይዘሮ እልፍነሽ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ቤቱን ከአያታቸው ወርሰው የኋላዋን ክፍል ለሄኖክ አከራይተውታል። ግቢው ውስጥ ባለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሱ ነበር።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ» አሉ። «ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሐኪም ጋራ ሰፈር ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ጀይላን እጁ ቀልቶ ‹እትዬ፣ ሄኖክን ገደሉት› እያለ መጥቶ ሊወድቅብኝ ደረሰ። እሪ አልኩ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ካቻቢቴው የሱ መሆኑን ሲያዩማ ማን ይስማው። ጥርሱን አረገፉት። ሱቁንም ሄደው ሰባበሩበት።»

«እርስዎ ገዳይ ነው ብለዋል?»

«እኔ እሪ ነው ያልኩት። የቀረውን የጨመረው ሰፈሩ ነው።»

ፈይሰል የሚባለው ጎረቤት ከግድግዳው ማዶ ነው የሚኖረው። አርባ ዓመት የሞላው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ነገር በሆዱ የማያሳድር ሰው ነው። ናፊያን ሳሎኑ አስቀመጣትና ሳትጠይቀው ጀመረ።

«አልደብቅሽም፤ ወር ሙሉ ስንጣላ ነበር። ‹ጣትህን ነው የምሰብርልህ› ብዬዋለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። ያ ነገር ሲጮህ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ እሷም አብራ ትንቀጠቀጣለች። ዛሬ ጠዋት ግን ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል። ከዚያ ወዲህ አልሐምዱሊላህ አንድ ድምፅ አልሰማሁም።»

«ጊታሩን ሲጫወት አልሰማህም?»

«ይጫወት አይጫወት አላውቅም። አልሰማሁም።»

«ሲገደልስ?» አለች ናፊያ አንድ ለውዝ እየፈለፈለች።

ፈይሰል ፊቱ ተለወጠ። «ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ፣ ሰባት ተኩል ገደማ፣ ሦስት አራቴ ድው ድው የሚል ነገር ነበር። እትዬ እልፍነሽ በርበሬ የሚወቅጡ መስሎኝ ነው። ወላሂ ብነሳ ኖሮ እደርስለት ነበር።»

ወደ ግቢው ስትመለስ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው የባስ ጊታር ማኅደር በትከሻው እንደያዘ ግድግዳው ላይ ግንባሩን ደግፎ ይንሰቀሰቃል። ዳዊት ነው። ከሄኖክ ጋር አስራ አንድ ዓመት አብሮ በአንድ ባንድ የተጫወተ የባስ ተጫዋች። የቀኝ እጁ መዳፍ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

«እጅህን ምን ሆንክ?» አለችው።

«ትናንት ድሬዳዋ ሰርግ ነበረን። ዛሬ ስመለስ ደንገጎ ዳገት ላይ የሚኒባሱ ራዲያተር ፈላ፤ ሾፌሩን ልረዳ ክዳኑን ስከፍት እንፋሎቱ በላኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ነው ሐረር የገባሁት። ስምንት ተሩብ ላይ በዚህ ሳልፍ ጊታሩ እስከ መንገዱ ድረስ ይጮህ ነበር፤ ያው እንደ ልማዱ። ሲጫወት ከረበሹት ይቆጣል፤ ለዚያ ነው ያልገባሁት።» እንባውን በፋሻው ጠረገ። «ከስምንት ተኩል ጀምሮ ፈረስ መጋላ አደባባይ ከሰዎች ጋር ነበርኩ። ብገባ ኖሮ ያን ሬዲዮ ጠጋኝ አገኘው ነበር።»

ወንድወሰን ናፊያን ወደ ጎን ወሰዳት። ዓይኑ በርቷል። «ስምንት ተሩብ ላይ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ እስከ ዘጠኝ የገባ ሰው ደግሞ ጀይላን ብቻ ነው። ደግሞ ያ ነጋዴ ይዋሻል። መንገድ ላይ የቆመ ሰው የሰማውን ከግድግዳው ማዶ ያለ ሰው እንዴት አይሰማም?»

«አንዳቸው እንደዋሸ እኔም ይሰማኛል» አለች ናፊያ። «የቱ እንደሆነ ግን ጣሳዋ ናት የምትነግረን።»

ከመሄዷ በፊት ከማስታወሻዋ አንድ ወረቀት ቀደደች፤ ወረቀቱን የጣሳዋ ጎን ላይ ዘርግታ በእርሳስ አሸችበትና አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ጀይላን ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያን ቀን ግን ሰማንያ ይመስል ነበር። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፣ ከንፈሩ ተተርትሯል። ደጅ ላይ ልጁ ሙና ምግብ በሰሃን ይዛ ቆማ፣ ዘበኛው አላስገባም ብሏት ታለቅሳለች። ናፊያ ዘበኛውን አንድ ጊዜ አየችውና ሙና ገባች።

«ጋሼ» አለች ናፊያ፣ ሰውየው ውሃ ከጠጣ በኋላ። «ስለ ግድያው አልጠይቅዎትም። መጀመሪያ ስለዚያች ጣሳ ይንገሩኝ።»

ጀይላን በተከፈተው ዓይኑ አያት። እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም። ሲናገር ግን ድምፁ ቀስ በቀስ የባለሙያ ድምፅ ሆነ።

«የሱ አምፕ የድሮ ነው፣ እንደ ጥንት ሬዲዮ በአምፖል የሚሠራ። ቃናው የሚያምረው እስከ ጥግ ሲከፈት ብቻ ነው። ሲቀንሱት ድምፁ ይሞታል። ሲከፈት ደግሞ ሰፈር አያስተኛም። ስለዚህ ‹አምፑ ሙሉ ተከፍቶ ድምፁ ግን ትንሽ የሚሆንበት ነገር ሥራልኝ› አለኝ። በአምፑና በስፒከሩ መሀል ገብቶ ጉልበቱን የሚበላ ዕቃ ማለት ነው። ዕቃው ሐረርም ድሬዳዋም የለም። እኔ የምድጃ ሬዚስታንስ ሽቦ ቆርጬ ጣሳ ውስጥ ገጠምኩለት።»

«የተበላው ጉልበት የት ይሄዳል?»

«ሙቀት ሆኖ ነዋ የሚወጣው። ሲጫወት ጣሳዋ ትፋጃለች፤ ሲያቆም ቀስ ብላ ትበርዳለች። እንድትተነፍስ ብዬ ነው የበሳሳኋት። ችኮላ ስለነበር ከውስጥ ወደ ውጭ በምስማር በሳኋት፤ እሾህ እሾህ ሆነች።»

«ማዞሪያውስ?»

ጀይላን ሊስቅ ሲል ከንፈሩ አመመው። «እሱማ የሽማግሌዎቹ ነው። ፈይሰልና ሄኖክ ሲካሰሱ ነገሩ ሽማግሌ ላይ ደረሰ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ሐጂ ሐሰንና ሌሎቹ ፈይሰል ቤት ገብተው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ሄኖክ እዚህ ይመታል፣ እኔ አዞራለሁ። እትዬ እልፍነሽ ግቢው መሀል ቆመው ‹ቀንስ› ሲሏቸው ‹ቀንስ› ይሉኛል። ሁለት ቁጥር ላይ ሐጂ ሐሰን ‹አሁን ምንም የለም› አሉ። ‹እኛ ስንሄድ ወደ አራት ቢያዞረውስ?› አለ ፈይሰል። ሐጂም ‹ከሁለት በላይ እንዳይወጣ አድርገው› አሉኝ። ሌላ ማዞሪያ ከየት ላምጣ? የሦስትንና የአራትን ሽቦ ከሁለት ጋር አሰርኳቸው። ማዞሪያው ይዞራል፤ ድምፁ ግን ያው የሁለት ነው። እንዳይነቅለውም ሁሉንም እዚያው በየድኩት። ሁሉም እያዩ ነው። ሐጂ ሐሰን በእጃቸው ሁለት ላይ አድርገው ፋቲሓ አደረጉ፤ ተበተንን።»

ናፊያ ለውዝ መፈልፈሏን ተወች። «ካቻቢቴዎን ለምን ትተው ወጡ?»

«ሄኖክ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት ልጀምር ልጀምር ሲል ‹በኋላ ትወስደዋለህ› አለኝ። ዘጠኝ ላይ ተመለስኩ። ከፀሐይ ስለገባሁ ክፍሉ ጨለመብኝ። በሩ ሥር ያለችው ጣሳዋ ናት፤ ቀድሜ የነካሁት እሷን ነው፤ የእጅ ሥራዬ አይደለች? ቀዝቃዛ ነበረች። ‹ዛሬ አልተጫወተም እንዴ?› ብዬ ዞር ስል…» እጆቹን አየ። «በሕይወት ያለ መስሎኝ ነው ያነሳሁት። ወላሂ ኢንስፔክተር፣ የሰው ነፍስ አላጠፋሁም።»

ሙና የአባቷን ጉልበት ይዛ ናፊያን ቀና ብላ አየቻት። ናፊያ ሰው ፊት ተስፋ መስጠት አትወድም። ያን ጊዜ ግን ልጅቷ አንጀቷን በላቻት።

«እስከ ነገ አራት ሰዓት ጊዜ አለን» አለቻት።

ሥርጉት የባንዱ ዘፋኝና የሄኖክ እጮኛ ናት። ሐኪም ጋራ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ናፊያ ስትደርስ ሻንጣ አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ በከፊል ተሞልቷል።

«መንገድ ልትሄጂ ነበር?»

«አብረን ነበር የምንሄደው፤ አዲስ አበባ» አለች ሥርጉት፤ ዓይኗ ደርቋል። «ዘፈኖቹን ብቻውን ሊያስቀርጽ ነበር። ቀን ከሌት ቤት ውስጥ ሊለማመድ ስለፈለገ ነው ያን ዕቃ ያሠራው። ዳዊት ዘፈኖቹን አብረን ነው የሠራናቸው ይላል፤ ሄኖክ ደግሞ አይደለም ይላል። ከተዘጋጉ ሳምንት አልፏቸዋል። ትናንትም ሰርጉ ላይ ሄኖክ አልነበረም፤ በሌላ ሰው ነው የተጫወትነው። እኔ ማታውኑ ተመለስኩ።»

«ዛሬስ ከሄኖክ ጋር ተገናኝታችኋል?»

«በስልክ። ስድስት ሰዓት ላይ ደወለ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እየቀዳ በሳቅ ገደለኝ። ‹ሦስትና አራት ለጌጥ ናቸው፣ ብታዞሪው ብታዞሪው ያው ነው› አለኝ።» ከዚያ በኋላ ነው እንባዋ የመጣው። «ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።»

ናፊያ ስትወጣ ለወንድወሰን ደወለች። ከድሬዳዋ የሚመጡት ሚኒባሶች የሚቆሙበት ሄዶ አንድ ነገር ብቻ እንዲጠይቅ ነገረችው።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ወይዘሮ እልፍነሽ ግቢ ተሰበሰቡ። ፈይሰል ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። ሥርጉት ጥቁር ለብሳለች። ዳዊት የባስ ጊታሩን ማኅደር በትከሻው እንዳንጠለጠለ አንገቱን ደፍቷል። ሐጂ ሐሰን ምርኩዛቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጀይላን በካቴና መጣ፤ አዛዡም «ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የምሰጥሽ» ብለው ከኋላ ቆሙ። ወንድወሰን የተዋሰውን ጊታር ይዞ ከነጋ ጀምሮ የኋላው ክፍል ውስጥ ነው።

«ሁላችሁም ወደ መንገዱ ኑልኝ» አለች ናፊያ። ወጡ። በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆዩ። አህያ የሚነዳ ሰው አለፈ፤ አንዲት ሴት በረንዳዋን ትጠርጋለች።

«ዳዊት፣ ምን ትሰማለህ?»

«ምንም።»

«ፈይሰል?»

«የመጥረጊያ ድምፅ።»

«ሳጅን ወንድወሰን ሰላሳ ደቂቃ ሙሉ ሲመታ ቆይቷል» አለች። «አምፑ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ማዞሪያውም ትናንት ያገኘሁት ቦታ ላይ ነው፤ አራት ላይ። አቦ፣ እሱ ሲመታ አለመስማት ዕድል ነው። ግን ሄኖክም ከዚህ በላይ መጮህ አይችልም ነበር።»

ዳዊት ወደ ተዘጋው በር ዞረ። «ምናልባት ጣሳዋን ነቅሎ ይሆናላ።»

«ብየዳው እንዳለ ነው፤ ጋሽ ጀይላን ትናንት እንዳደረጉት። ሐጂ፣ እስቲ ገብተው ይዩልኝ።»

ሐጂ ሐሰን ሄደው አይተው ተመለሱ። «እንደተውነው ነው» አሉ።

«እንግዲያው ስምንት ተሩብ ላይ እዚህ መንገድ ላይ ጊታር የሰማ ሰው የለም» አለች ናፊያ፣ ሁሉንም ወደ ግቢው እየመለሰች። «ምንም አልሰማሁም ያለው ፈይሰል እውነቱን ነው። የፈይሰል ጆሮ እንዲያውም አንድ ነገር ሰምቷል። ሰባት ተኩል ላይ ሦስት አራቴ ድው ድው። ያን ሰዓት እትዬ እልፍነሽ ለቅሶ ላይ ናቸው፤ በርበሬ የሚወቅጥ የለም። የሄኖክ ጭንቅላት ነው።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

«ወደ ጣሳዋ እንምጣ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ላይ ትተዋት ሄዱ። እኔ አራት ላይ አገኘኋት፤ ማዞሪያው ላይ ደግሞ የእጅ ደም አለ። ስለዚህ ያዞረው ገዳዩ ነው፤ ያዞረውም ከገደለ በኋላ ነው። ለምን? ሄኖክ ጮክ አድርጎ ይጫወት ነበር፣ መንገድ ላይም ተሰምቷል እንዲባል። ይህን የሚያስብ ሰው ግን አራት ቁጥር ባዶ መሆኑን የማያውቅ ሰው ነው። ጋሽ ጀይላን ሽቦውን ያሰሩት በገዛ እጃቸው ነው። ፈይሰል ያሳሰረው እሱ ነው። እትዬ እልፍነሽም ሐጂም አይተዋል። ከእነዚህ አንዳቸውም ያን ማዞሪያ ለማታለያ ብለው አይነኩትም። ጠዋት ያልነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሥርጉትና ዳዊት። ሥርጉት በስልክ ሰምታለች፤ ሄኖክ ሦስትና አራት ለጌጥ ናቸው ብሎ አስቋታል።»

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ዳዊት ዞሩ። እሱ ግን አዛዡን ነበር የሚያየው።

«በማዞሪያ ሰው ይታሰራል?» አለ።

«አይታሰርም» አለች ናፊያ። «ሳጅን፣ ሚኒባሱስ?»

ወንድወሰን ጊታሩን ትቶ ወጥቷል። «የገባው ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ነው። ባስ ጊታሩን ጣሪያ ላይ አላስጭንም ብሎ ስለተጨቃጨቀ ሾፌሩ በደንብ ያስታውሰዋል። ራዲያተሩም አልፈላም።»

«ፋሻውን ፍታው» አለችው ናፊያ።

ዳዊት እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። ቀጥሎ የሆነው በቅጽበት ነው። ባስ ጊታሩን ከነማኅደሩ ከትከሻው አውርዶ በወንድወሰን ፊት ላይ ወረወረና ወደ በሩ ሮጠ። ወንድወሰን አፍንጫው ፈንድቶ ተንበረከከ። ፈይሰል ግን በሩ ላይ ነበር፤ ወገቡን ይዞ ድንጋዩ ላይ ጣለው። እየተናከሱ ተንከባለሉ፤ ዳዊት የፈይሰልን ዓይን ሊያወጣ ደረሰ። አዛዡ ደርሰው የዳዊትን ክንድ እስኪንቋቋ ጠመዘዙትና ፋሻውን ቀደዱት።

መዳፉ ቀልቷል፤ ቆዳው ተልጧል። በተላጠው ሥጋ መሀል ስምንት ጥቋቁር ነጥቦች አሉ፤ ሦስት፣ ከሥሩ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ናፊያ የታጠፈውን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። በእርሳሱ የታተሙት የጣሳዋ ቀዳዳዎች ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት ሆነው ተሰልፈዋል። ወረቀቱን መዳፉ አጠገብ ያዘችው።

«እንፋሎት ነጥብ ነጥብ አድርጎ አያቃጥልም» አለች። «ይህች ጣሳ ትናንት ጠዋት ነው የተገጠመችው። የምትግለውም ሲጫወቱባት ብቻ ነው። ጋሽ ጀይላን ዘጠኝ ላይ ሲነኳት በርዳ ነበር። አንተ የተደገፍክባት ሄኖክ ሲመታባት ቆይቶ ገና ስትፋጅ ነው፤ እሱን እየቀጠቀጥክ ሚዛንህ ሲስት።»

ዳዊት መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲናገር የሚያነጋግረው ሥርጉትን ነበር።

«ስሜን ብቻ ዘፈኖቹ ላይ እንዲያስገባ ልለምነው ነው የመጣሁት። ስለምነው መምታቱን አላቆመም። አስራ አንድ ዓመት መድረክ ላይ ወደኔ ዞሮ የሚለኝን ሰምቼ አላውቅም፤ አምፑ ይጮሃል፤ እኔ ዝም ብዬ እየሳቅኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጥሩ ነገር የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ግን የጊታሩ ድምፅ ትንሽ ነበር። እየመታ ‹ያንተን ባስ እኮ አንድ ቀን እንኳ የሰማው ሰው የለም፤ እኔም ሰምቼው አላውቅም› አለኝ። እየሳቀ። ቃል በቃል ሰማሁት። ድሮ ቢሆን አልሰማውም ነበር። እንደ ልማዴ ስቄ እወጣ ነበር።»

ሥርጉት ሄዳ በጥፊ መታችው። ከዚያ ደግማ መታችው። ማንም አልያዛትም። ሦስተኛውን ልትሰነዝር እጇን አንስታ ተወችውና ወይዘሮ እልፍነሽ ደረት ላይ ወደቀች።

ዳዊትን አስነስተው ወሰዱት። ወንድወሰን በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ በሌላው እጁ የጀይላንን ካቴና ፈታ። ፈይሰል ከንፈሩ እየደማ መጥቶ የጀይላንን ግንባር ሳመ። «አፉ በለን፤ ሰፈሩ በድሎሃል፤ ሱቅህን እኛው እንጠግናለን» አለው። ሐጂ ሐሰን «ኢንሻአላህ» አሉ።

ጀይላን ግን የሚሰማቸው አይመስልም። ካቴናው የነበረበትን አንጓውን እያሸ ድንጋዩ ላይ ቁጭ እንዳለ ነው።

«ጋሼ፣ ነጻ ነዎት» አለችው ናፊያ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ። «ሙና በር ላይ ናት።»

«ኢንስፔክተር» አለ። «ዳዊት የሚለውን ሰማሽው? ድምፁን ባልቀንሰው ኖሮ አይሰማውም ነበር። ሄኖክ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር ማለት ነው?»

ናፊያ መልስ የማታጣ ሴት ናት። አይደለም ልትለው አፏን ከፈተች። የሰውየውን የተዘጋ ዓይን፣ የረገፈ ጥርሱን፣ ያን ሁሉ ነገር ሠርተው ሠርተው የሻከሩ ጣቶቹን ስታይ ግን መዋሸት አቃታት።

«አላውቅም ጋሼ» አለች።

ጀይላን ራሱን ነቀነቀ። «ሰው እንዲተኛ ብዬ ነበር እኮ» አለና፣ ሙና ገብታ ከብብቱ ሥር ደግፋ ስታነሳው፣ የልጁን ትከሻ ይዞ እያለቀሰ ከግቢው ወጣ።